የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ለመሆን ከየት ልጀምር? ለሰሜን ሸዋ ልጆች የተጻፈ መመሪያ

«12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የእንስሳት ጤና መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ይህን ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ልጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። ወላጆችም ይጠይቁኛል፦ «ልጄን የትኛው ኮሌጅ ላስገባት?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ኮሌጅ መግባት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የብቃት ምዘናውን ማለፍና እጅን ከእንስሳ ጋር ማላመድ ነው። ስለዚህ ከምዝገባው ይልቅ በተግባሩ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምዝገባ፦
- የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው
- ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት
- የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ
- ጉርድ ፎቶ

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጉ። ሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርጉና ስማችሁን አመሳክሩ። አንዱ ላይ «ኃይለማርያም»፣ ሌላው ላይ «ኃይለ ማርያም» ተብሎ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም ከተለያየ፣ ከምዝገባ በፊት አስተካክሉት። ዛሬ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቀው ነገር ከተመረቃችሁ በኋላ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ለተግባር፦
- ቦት ጫማ እና ቱታ
- ዲጂታል ቴርሞሜትር (ለእንስሳ ብቻ የሚያገለግል)
- ጓንት፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ
- ለስላሳ ገመድ
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር
- ከተቻለ ስቴቶስኮፕ

ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት የለባችሁም። ቦት ጫማ፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ካላችሁ መጀመር ይቻላል።

1. መጀመሪያ ሥራውን ምረጡ፣ ከዚያ ትምህርቱን

ብዙ ሰው ኮሌጁን መርጦ ሥራውን በኋላ ያስባል። ይህን ገልብጡት። የተለያየ ሥራ የተለያየ ወረቀት ስለሚጠይቅ ነው።

ረዳት፦ በግል ክሊኒክ፣ በወተት ላም ወይም በዶሮ እርባታ ውስጥ በባለሙያ ሥር የሚሠራ ሰው ነው። እንስሳ ይይዛል፣ ዕቃ ያጸዳል፣ መዝገብ ይጽፋል፣ የታዘዘውን ይሰጣል። ሥራውን እዚያው በመሥራት ወይም በአጭር ሥልጠና መልመድ ይቻላል። ነገር ግን በራሱ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም።

ቴክኒሻን፦ በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በእንስሳት ጤና ሠልጥኖ፣ ተመዝኖ፣ ብቁ የተባለ ሰው ነው። ሰዉ በልማድ «ዲፕሎማ» የሚለው ይህንን ነው። በቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ፣ በወረዳ ክሊኒክ፣ በክትባት ዘመቻና በቄራ በብዛት የምታገኙት እሱን ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ደም፣ እበትና የቆዳ ናሙና የሚመረምር ነው። ከእንስሳው ይልቅ ማይክሮስኮፕ ለሚወድ ሰው ይስማማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ ባለው ግቢው በዲግሪ ያስተምረዋል።

የእንስሳት ሕክምና ዶክተር፦ 6 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ለእኛ አካባቢ ልጆች ቀረብ ከሚሉት መካከል ቢሾፍቱ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ (ደሴ)፣ ጎንደርና ባሕር ዳር አሉ።

የከብት አዳቃይ ቴክኒሻንነት ደግሞ ሌላ ሥልጠና ነው። የእንስሳት ጤና ስለተማራችሁ ብቻ አዳቃይ አትሆኑም። ደብረ ብርሃንና ጫጫ ዙሪያ የተዳቀለች የወተት ላም የያዘ ሰው ብዙ ነው። እዚያ መሥራት የምትፈልጉ ሁለቱንም ብትይዙ እመክራለሁ።

2. ውጤታችሁን ይዛችሁ የዓመቱን መስፈርት አንብቡ

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ካላችሁ ምርጫ ስትሞሉ የእንስሳት ሕክምናን ከፊት አስቀምጡ። ከሌላችሁ መንገዱ በቴክኒክና ሙያ በኩል ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል፤ የአምናው ለዘንድሮ አይሠራም። ስለዚህ ጓደኛችሁ አምና በስንት እንደገባ መጠየቅ አይጠቅማችሁም። ማስታወቂያውን ከወረዳችሁ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም ከኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ራሳችሁ አንብቡ።

የምዝገባ ጊዜው አጭር ነው። ከይፋትም ሆነ ከመንዝ የምትመጡ ከሆነ ወረቀታችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ። በመጨረሻው ቀን መኪና መጠበቅ ያስመልጣል።

3. ኮሌጁን ሳትከፍሉ አጣሩ

በእንስሳት ጤና ስማቸው የሚነሳው የመንግሥት ግብርና ኮሌጆች ናቸው። ከክልላችን ወረታና ኮምቦልቻ፣ ከፌዴራል ደግሞ አላጌ አሉ። ኮምቦልቻ ከደብረ ብርሃን በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የእንስሳት ጤና ዘንድሮ ይከፈታል ወይ? በየትኛው ደረጃ? የመንገዱን ሰላምም እንዲሁ ጠይቁ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ እነዚህን ጠይቁ፦

- የዕውቅና ፈቃዱ በስሙ «የእንስሳት ጤና» ይላል? ኮሌጁ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ስላለው ለእንስሳት ጤናም አለው ማለት አይደለም።
- ፈቃዱ ለየትኛው ደረጃ ነው? ለደረጃ 3 ተፈቅዶለት ለደረጃ 4 የሚመዘግብ ካጋጠማችሁ ውጡ።
- የፈቃዱ ጊዜ አላለፈም?
- ልምምዱ የት ነው? ክራሽ (ከብት ለምርመራ ገብቶ የሚያዝበት ጠባብ አጥር)፣ በግ፣ ላም፣ ላቦራቶሪ አሳዩኝ በሉ። ክፍልና ነጭ ሰሌዳ ብቻ ካሳዩአችሁ እጃችሁ ሳይሠራ ትመረቃላችሁ።

ለምን ይህን ያህል? ዕውቅና በሌለው ቦታ የተማረ ሰው ለምዘና አይመዘገብም። ምዘና ካላለፈ ደግሞ ወረቀቱ ለቅጥር አያገለግልም። ገንዘቡም ዓመቱም ይባክናል።

4. ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንስሳ መያዝ ልመዱ

የገጠር ልጅ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ከከተማው ልጅ ትቀድማላችሁ። ያም ሆኖ በግ መጠበቅና ለምርመራ በግ መያዝ ይለያያል። በግ በጸጉሩ አይያዝም፤ ቆዳው ሥር ይደማል፣ እንስሳውም ይጨነቃል። አንድ እጅ ከመንጋጋው ሥር፣ ሌላው ከጀርባ። አገጩ ከተያዘ በጉ ወደፊት አይሄድም።

በአካባቢያችሁ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ሄዳችሁ በክትባት ቀን ልርዳ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እምቢ አይባልም፤ በዘመቻ ቀን የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያጥራል። በአንድ ጠዋት ብዙ በግ ትይዛላችሁ። ክትባቱ በአይስ ቦክስ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት እንዳለበት፣ የተበጠበጠው ለምን ለነገ እንደማይተርፍ እዚያ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሕያው ክትባት ከሞቀ ይሞታል። በሙቀት የሞተ ክትባት የተወጋ በግ እንዳልተከተበ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ግን ተከትቧል ብሎ ተማምኖ ይቀመጣል።

5. በትምህርቱ ወቅት አራት ነገር እስኪበቃችሁ ተለማመዱ

ሌላው ሁሉ ከመጽሐፍ ይገኛል። እነዚህ ግን በእጅ ካልሆነ አይመጡም።

ሀ. ባለቤቱን መጠየቅ። ግቢ ስትገቡ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ። «እማማ፣ በጓ መብላት ያቆመችው መቼ ነው? ሌላ የታመመ አለ? የሞተስ? ከገበያ በቅርቡ የገባ አለ? እስካሁን ምን ሰጣችኋት? እርጉዝ ናት?» የመጨረሻዎቹን ሁለት ብዙ ተማሪ ይዘላል። አልቤንዳዞል የመሰለ የትል መድኃኒት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ትናንት የተሰጠ መድኃኒት ደግሞ ዛሬ የምታዩትን ምልክት ይለውጣል። ሳትጠይቁ መርፌ አታንሱ።

ለ. ሙቀት መለካት። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3፣ የበግ ከ38.3 እስከ 39.9፣ የፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩን በሳሙና ወይም በቫዝሊን አለስልሱ። በፊንጢጣ አስገብታችሁ ጫፉን ወደ አንጀቱ ግድግዳ አዘንብሉት። እበት ውስጥ ከተተከለ የእበቱን ሙቀት ነው የሚያነብላችሁ። ላም ላይ ስትለኩ በቀጥታ ከኋላዋ አትቁሙ።

አንድ ምሳሌ። አንድ አባት ከቆላው ዳገቱን አስወጥተው የመንዝ በግ አመጡ እንበል። ፀሐይ ነው፣ በጉ ያለከልካል፣ ሱፉ ወፍራም ነው። ቴርሞሜትሩ 40.2 አለ። «ትኩሳት አለው» ብላችሁ አትጻፉ። ጥላ ውስጥ አሳርፉትና ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙት። ካልወረደ፣ ከአፍንጫው ንፍጥ ካለ፣ ከመንጋው ተነጥሎ ራሱን ከደፋ ያኔ ስለ ሳንባ ምች ታስባላችሁ።

ሐ. ክብደት መገመትና መጠን ማስላት። በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ወደ ታች ያደላል። መጠኑ ሲያንስ ትሉ ወይም ጀርሙ ሳይሞት መድኃኒቱን ይለምዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው መድኃኒት አይሠራም። ሚዛን ካለ መዝኑ። ከሌለ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክታችሁ ከክብደት ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በጉ 28 ኪሎ ነው። የታዘዘው ኦክሲቴትራሳይክሊን (በአጭሩ «ኦክሲ» የሚባለው ፀረ ጀርም መድኃኒት) በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። 28 ሲባዛ በ10፣ 280 ሚሊ ግራም። አሁን ጠርሙሱን አንብቡ። 10 በመቶ ካለ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ፤ ስለዚህ 2.8 ሚሊ ሊትር ትሰጣላችሁ። ጠርሙሱ 5 በመቶ ከሆነ ደግሞ 5.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በጉ ያው፣ መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ እጥፍ። «ኦክሲ ለበግ ሦስት» ብሎ በቃል መያዝ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ሦስቱን ጻፉ፦ ክብደት፣ በኪሎ የሚታዘዘው፣ የጠርሙሱ መቶኛ።

መ. መስጠት። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ አንገት ላይ ይሁን እንጂ ቂጥ ላይ አይሁን። ቂጥ ላይ ነርቭ ሊነካ ይችላል፣ ጥሩውን ሥጋም ያበላሻል። ከቆዳ ሥር ተብሎ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ አይቨርሜክቲንን፣ ጡንቻ ላይ አትውጉ። በአፍ ስታግቱ የበጉን ራስ ወደ ሰማይ አታንጋጡት፤ ከጀርባው እምብዛም ከፍ አይበል። ከተንጋጠጠ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በጉ ይዞት ያልመጣውን ሳንባ ምች እናንተ ታመጡበታላችሁ።

6. አፓረንት (በሥራ ቦታ የሚደረግ የትብብር ሥልጠና) ስትወጡ ቦታውን አስባችሁ ምረጡ

የትብብር ሥልጠናው ፊርማ ለማግኘት ብቻ የሚወጣበት አይሁን። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የታደለ ነው። መንዝና ባሶና ወራና በግና የጋማ ከብት፣ ሞረትና ጅሩ እና ምንጃር የእርሻ በሬ፣ ቀወትና ኤፍራታና ግድም ፍየል፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላምና ድለባ አለ። ደገኛ ከሆናችሁ ቢቻል አንዱን ጊዜ ቆላ አሳልፉ። የደጋው ተማሪ የጉበት ትልንና የበግ አዙሪትን ቶሎ ይለያል፣ መዥገር ያመጣውን በሽታ ግን ላያውቅ ይችላል። ቆለኛውም በተቃራኒው።

በየቀኑ ደብተራችሁ ላይ እነዚህን መዝግቡ፦ ቀን፣ የእንስሳው ዓይነትና ዕድሜ፣ ምልክቱ፣ ሙቀቱ፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠን፣ ከቀናት በኋላ የሆነው። የመጨረሻው ዋናው ነው። መድኃኒት ሰጥቶ ውጤቱን ያልጠየቀ ሰው ትክክል መሆኑን አያውቅም። የባለቤቱን ስልክ ይዛችሁ ደውሉ።

7. ሲኦሲ (የብቃት ምዘና)፦ በምትለማመዱበት መንገድ ትመዘናላችሁ

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። የሚመዝናችሁ ሌላ ሰው ነው፤ ያስተማራችሁ መምህር አይደለም። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» ከተባላችሁ ያልበቃችሁበትን ክፍል ጠይቃችሁ አውቃችሁ እንደገና ተዘጋጁ።

በተግባሩ ላይ መዛኙ ውጤቱን ብቻ አያይም፣ ቅደም ተከተሉንም ያያል። ጓንት አደረጋችሁ? እንስሳውን በትክክል ያዛችሁ? የጠርሙሱን የጊዜ ገደብ አነበባችሁ? ከጨረሳችሁ በኋላ መርፌውን የት ጣላችሁ? ስለዚህ ቤት ስትለማመዱ የምትሠሩትን በድምፅ እየተናገራችሁ ሥሩ። አፋችሁ የተናገረውን እጃችሁ አይዘልም።

8. ሥራ ፍለጋ

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቅጥር ሲኖረው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፋል። የምትኖሩበትን ብቻ ሳይሆን የአጎራባች ወረዳዎችንም ተከታተሉ። ራቅ ያለ ቀበሌ ላይ አመልካች ያንሳል። ከመንግሥት ውጭ የወተትና የዶሮ እርባታዎች፣ የድለባ ማኅበራትና የግል ክሊኒኮች አሉ። ሲያነጋግሯችሁ ያን ደብተር ይዛችሁ ግቡ።

የመድኃኒት መሸጫ መክፈት የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። የእንስሳት መድኃኒት ንግድ በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ይመራል። የብቃት ማረጋገጫ ሳይወጣ ቤት ተከራይታችሁ ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ መስፈርቱን ከሚመለከተው ግብርና መሥሪያ ቤት ውሰዱ። የባለሙያው ደረጃ፣ የክፍሉ ስፋት፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ጥንቃቄ፦ እነዚህ ላይ ድርድር የለም

አባ ሰንጋ። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው፣ ቶሎ የተነፋ ከብት ካያችሁ አትክፈቱት። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይገፈፍ። ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። ሰዉን አርቁ፣ ለወረዳው ወዲያው አስታውቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ። የሚያለሀጭ፣ መዋጥ ያቃተው ላም «ጉሮሮዋ ላይ ነገር ተሰክቷል» ተብላ ትመጣለች። ባዶ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። ከተነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ሥልጠና ስትጀምሩም የቅድመ መከላከያ ክትባት የሚገኝበትን ጠይቁ።

ውርጃ። የወረደ ፅንስና የእንግዴ ልጅ ያለ ጓንት አይነካም። ከብት የሚያስወርዱ አንዳንድ በሽታዎች ወደ ሰው ይሻገራሉ። እርጉዝ የሆነች ሠልጣኝ ከዚህ ሥራ ትራቅ።

ወተትና ሥጋ። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይሸጥ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ለባለቤቱ ቀኑን ቆጥራችሁ ንገሩ፤ ከተቻለ ጻፉላቸው። በጾም መፍቻ ዋዜማ ለሚታረድ በግም ይህንኑ አድርጉ።

የተለመዱ ስህተቶች

- መርምሮ ሳይጨርሱ ኦክሲ መውጋት። ባለቤቱ መርፌ ስላየ ደስ ይለዋል። የጉበት ትል ያለበት በግ ግን በኦክሲ አይድንም።
- አንድ መርፌ ለመንጋው ሁሉ። በሽታውን ከታመመው ወደ ጤነኛው የምታጋቡት እናንተ ትሆናላችሁ።
- ሴት ተማሪዎችን ወደ መዝገብ ጽሕፈት ብቻ መግፋት። ምዘናው ወንድና ሴት አይለይም። እህቶቼ፣ ገመዱን ራሳችሁ ጠይቁ። በሬ የሚያዘው በክራሽና በቋጠሮ ነው፣ በጉልበት ብቻ አይደለም።
- ቴክኒሻን ሆኖ ሳለ «ዶክተር» ሲባል ዝም ማለት። ገበሬው የሚያምነውን ሰው ምክር እንዳለ ይቀበላል። «እኔ ቴክኒሻን ነኝ፤ ይህንን ለዶክተሩ እናሳየው» በሉ። ምጥ የጠናባት ላም ላይ ይህን ቶሎ መናገር ላሟንም ጥጃውንም ያተርፋል።
- ከተቀጠሩ በኋላ ወረቀትን መጣል። የደረጃ ማሳደጊያም ሆነ የዲግሪ ዕድል ሲመጣ የሚጠየቀው የምዘና ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕትና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ስትለቁ የልምድ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ውሰዱ። ኃላፊው ከተቀየረ በኋላ የሚያውቃችሁ ሰው ፈልጎ ማስጻፍ ከባድ ነው።